በወይን እርሻና በወንዝ ዳር መንደሮች መካከል፦ የትኛው የፈረንሳይ የብስክሌት ዙር ይሻላል?

የፈረንሳይን የወይን አካባቢዎች በፎቶግራፍ ብቻ አይቶ አንዱን ከሌላው ማበላለጥ ያስቸግራል። ሁሉም ጋ በመስመር የተተከለ ወይን፣ የድንጋይ ቤቶችና ከመሀላቸው የሚወጣ የቤተ ክርስቲያን ማማ አለ። ብስክሌት ላይ ሲወጡ ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። አንዱ ጋ ወንዙ ቀኑን ሙሉ ከጎንዎ አይለይም፤ ሌላው ጋ የወይን እርሻው ዝነኛ ሆኖ ወንዝ የሚባል ነገር በአቅራቢያው የለም። አንዱ እውነተኛ ዙር ነው፣ ሌላው ደግሞ ሄደው ሄደው በመጡበት መንገድ የሚመለሱበት ነው።

የብስክሌት ዙር ስመዝን አስቀድሜ የማየው መመለሻውን ነው። የቱሪዝም ቢሮዎች የሚያስተዋውቁት ምርጡን አስር ኪሎ ሜትር ነው። ቀኑን የሚያበላሸው ግን ከሰዓት በኋላ፣ እግር ሲዝል፣ ከመኪና ጋር እየተጋፉ የሚያልፉት ክፍል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ወይኑና ወንዙ በአንድ ቀን አብረው ይገኛሉ ወይ የሚለው ነው። ሦስተኛው ዳገት ነው፤ ጥሩ ወይን ብዙውን ጊዜ የሚበቅለው ተዳፋት ላይ ስለሆነ ዳገቱን ፈጽሞ ማምለጥ አይቻልም።

የደረስኩበትን ቀድሜ ልናገር። ወይኑንም ወንዙንም በአንድ ዙር ለሚፈልግ ሰው በሎዋር ሸለቆ ያለውን የሺኖንና የሶሚዩር ዙር የሚያህል አላገኘሁም። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በአንድ ነገር ይበልጡታል፤ ያ አንድ ነገር ለእርስዎ ዋናው ከሆነ እነሱን መምረጥ ትክክል ነው።

ሎዋር፦ ሺኖንና ሶሚዩር

ሎዋር የፈረንሳይ ረጅሙ ወንዝ ነው፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ወንዙን ተከትሎ ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚሆን ምልክት የተደረገበት የብስክሌት መስመር አለ። መስመሩ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነስቶ እስከ ጥቁር ባሕር የሚዘልቀው ዩሮቬሎ 6 የተባለው የአውሮፓ መንገድ አካል ነው። ሁሉንም መንዳት አያስፈልግም። ለወይንና ለወንዝ ዳር መንደሮች ከሆነ ከሺኖን ወደ ሶሚዩር ሄዶ በፎንቴቭሮ በኩል የሚመለሰው ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር ይበቃል። ጉልበት ያለው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። እኔ ግን ሶሚዩር አድሮ በሁለት ቀን ማድረጉን እመክራለሁ፤ በመንገዱ ላይ መቆም የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸውና።

ብዙዎች ሶሚዩር ዋናው የባቡር መስመር ላይ ስለሆነች ከዚያ ይጀምራሉ። ከሺኖን መጀመር ይሻላል፤ ምክንያቱም ነፋሱ ነው። በዚህ ሸለቆ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ፣ ከውቅያኖሱ በኩል ይመጣል። ከሺኖን ወደ ሶሚዩር ሲሄዱ ነፋሱን የሚጋፈጡት ጠዋት፣ ጉልበት ሳለ ነው፤ ሲመለሱ ደግሞ ከኋላ ይገፋል። ወደ ሺኖን ከቱር ከተማ የክልል ባቡር አለ፤ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያደርሳል። ዣን ዳርክ በ1429 የወደፊቱን ንጉሥ ሻርል ሰባተኛን ያገኘችው ከከተማው በላይ በተንጣለለው ምሽግ ውስጥ ነው፤ ምሽጉን ለማየት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይያዙ።

ከሺኖን የቪዬንን ወንዝ አቅጣጫ ይዘው ወደ ምዕራብ ሲነዱ መንገዱ ሜዳ ነው። ካንድ ሳን ማርታን የምትባለው መንደር ቪዬን ከሎዋር ጋር የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ትገኛለች። የቱሩ ጳጳስ ቅዱስ ማርቲኖስ በ397 ያረፈው እዚህ ነው። የፖይቲዬና የቱር ሰዎች አስከሬኑ ለእኛ ይገባል ተባብለው ሲከራከሩ አምሽተው፣ የፖይቲዬዎቹ እንቅልፍ ሲጥላቸው ቱሮቹ በመስኮት አውጥተው በጀልባ ወሰዱት ተብሎ ይተረካል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው አቀበት አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው፤ ብስክሌቱን ከታች አስረው በእግር ይውጡት። ከላይ ሆነው ሲያዩ ሁለቱ ወንዞች ሲገናኙ፣ በመካከላቸው የአሸዋ ደሴቶች፣ በዳርቻውም ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ እንዲሄዱ የተሠሩ ታቻቸው ጠፍጣፋ የሆኑ የእንጨት ጀልባዎች ይታያሉ።

ካንድ አልቃ ሞንሶሮ መጀመሯ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ሁለቱ መንደሮች ተያይዘዋል። ከሞንሶሮ እስከ ሶሚዩር ያለው አስራ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ የዚህ ዙር ልብ ነው፤ አንድ ስህተት የሚሠራውም እዚሁ ነው። ወንዙን የሚታከከው ዋና መንገድ ለዓይን ይማርካል፣ ግን መኪና ይበዛበታል። የብስክሌቱ ምልክት ወደ ላይ፣ ወደ ገደሉ ጫፍ ሲመራዎት ምልክቱን ይመኑ። ቱርካን፣ ፓርኔና ሱዜ የሚባሉትን መንደሮች የሚያገኙት በዚያ በኩል ነው።

የእነዚህ መንደሮች አለት ቱፎ የሚባል ነጭ፣ ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ነው። በሸለቆው ያሉት ግንቦችና ቤቶች የተሠሩት ከዚህ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ተቆፍሮ ሲወጣ የቀረው ባዶ ዋሻ አልተጣለም፦ መኖሪያ ሆነ፣ የወይን ጠጅ ማስቀመጫ ሆነ፣ እንጉዳይ ማብቀያ ሆነ። ቱርካን ውስጥ ገደሉን በፈለፈሉት ቤቶች ዛሬ የእጅ ባለሙያዎች ይሠራሉ። በሐምሌ ሙቀት ከውጭ ሠላሳ ዲግሪ ሆኖ ወደ አንዱ የወይን ዋሻ ሲገቡ ውስጡ አስራ ሁለት፣ አስራ ሦስት ዲግሪ ነው፤ ላብ የጠጣ ሸሚዝ ለብሰው ስለሚገቡ ስስ ሹራብ በቦርሳዎ ይኑር። ከራስዎ በላይ፣ በዋሻው ጣሪያ ላይ፣ የዚያ ወይን ሥር አለቱን ሰንጥቆ ለመውረድ ይሞክራል። በዚህ አካባቢ በአብዛኛው የሚተከለው ቀይ ወይን ካበርኔ ፍራንክ ይባላል፤ ሶሚዩር ሻምፒኚ የሚለውን ስም ጠርሙሱ ላይ ካዩ ከዚያው ከገደሉ ጫፍ የመጣ ነው።

መመለሻውም ከመሄጃው አያንስም። ከሶሚዩር በሻምፒኚ የወይን ሜዳ በኩል ወደ ፎንቴቭሮ ገዳም ይወጣል። ዳገቱ ለጀማሪም የሚቻል ነው፤ ከወንዙ እስከ ሜዳው ከፍታው ስድሳ፣ ሰባ ሜትር ቢሆን ነው። ገዳሙ በ1101 ተመሠረተ። መነኮሳትና መነኮሳይያት አብረው ሲኖሩበት የበላይዋ ግን ሁልጊዜ ሴት ነበረች። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ፣ ሚስቱ ኤሌኖር ዘአኪቴንና ልጃቸው ሪቻርድ ልበ አንበሳ በድንጋይ ተቀርጸው እዚያ ተኝተዋል። ኤሌኖር በእጇ መጽሐፍ ይዛለች፤ ከሁሉም ሐውልቶች እሷ ብቻ ያላንቀላፋች ትመስላለች። ከፎንቴቭሮ ወደ ሺኖን የሚወስዱት ትናንሽ የገጠር መንገዶች ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ነፋሱም በዚህ ጊዜ የእርስዎ ነው።

ጉድለቱስ? በበጋ ቅዳሜና እሑድ የወንዙ ዳር ሰው ይበዛበታል። ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ ሙቀቱ ይከብዳል። ከፓሪስ ሲመጡ ሺኖን ለመድረስ ቱር ላይ ባቡር መቀየር ግድ ነው።

አልዛስ፦ ከኮልማር ዙሪያውን

አልዛስ በሦስት ነገር ሎዋርን ይበልጣል፦ በመንደሮቹ ቅርበት፣ በዝናቡ ማነስ፣ ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ ለሚመጣ ሰው ባለው ምቾት። ፍራንክፈርት ወይም ባዝል ለሚኖሩ ወገኖቻችን ከዚህ የቀረበ የፈረንሳይ የወይን አካባቢ የለም። ከፍራንክፈርት እስከ ስትራስቡርግ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ኮልማር ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከባዝልም ወደ ኮልማር የክልል ባቡር ቀጥታ ይሄዳል።

የአልዛስ የወይን መንገድ በ1953 ተከፈተ፤ ከማርለንሃይም እስከ ታን 170 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከእሱ ጎን ለጎን የተዘረጋ የብስክሌት መስመርም አለ። ለአንድ ቀን ዙር ግን ከኮልማር ወደ ኤጊሳይም፣ ቱርክሃይም፣ ካይዘርስበርግ፣ ሪክቪር፣ ሁናቪርና ሪቦቪሌ ወጥቶ በሜዳው መመለስ ይቻላል፤ በድምሩ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመንደሮቹ መካከል ያለው ርቀት አብዛኛው ከአስር ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ወይም ከዓመታት በኋላ ብስክሌት ለሚነካ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የደከመ ሰው ቀጣዩ መንደር ላይ ማረፍ ይችላል።

ኤጊሳይምን አይለፏት። መንገዶቿ አደባባዩን እየዞሩ እንደ ቀለበት የተሠሩ ናቸው፤ በሰማያዊ፣ በቢጫና በቀይ የተቀቡት የእንጨት ቋሚና ማገር የሚታይባቸው ቤቶች ግራና ቀኝ ተጠጋግተው ቆመዋል። ከአንድ ነጥብ ተነስተው ዙሪያውን ቢሄዱ ተመልሰው እዚያው ይደርሳሉ። ማለዳ፣ አውቶቡሶቹ ቱሪስት ይዘው ከመምጣታቸው በፊት፣ ወይም ወደ ማታ ይግቡባት። ከሪክቪር ወደ ሁናቪር ሲያልፉ ደግሞ በወይኑ መሀል ብቻዋን የቆመች፣ መቃብሯ በምሽግ ግንብ የታጠረ ቤተ ክርስቲያን ታያላችሁ፤ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በየተራ የሚገለገሉባት ናት።

በምዕራብ ያሉት የቮዥ ተራሮች ዝናቡን ስለሚያስቀሩት ኮልማር ከፈረንሳይ ደረቅ ከተሞች አንዷ ናት። ለብስክሌተኛ ይህ ከማንኛውም ውበት ይበልጣል። ስለ ወይን ብዙ ለማያውቅ ሰውም አልዛስ ትቀላለች፦ ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የወይኑ ዝርያ ስለሆነ ሪዝሊንግ ወይም ጌቩርትስትራሚነር የወደደ ሰው በሚቀጥለው መንደር ያንኑ መጠየቅ ይችላል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ወንዝ ለሚፈልግ ሰው አልዛስ ታሳዝናለች። በካይዘርስበርግ የምታልፈው ቫይስ ጥሩ የድንጋይ ድልድይ ያላት ፈጣን ጅረት እንጂ አብረዋት የሚጓዙባት ወንዝ አይደለችም። ከሪቦቪሌ ወደ ኮልማር የሚመለሱበት አስራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል በአብዛኛው የበቆሎ ማሳ ነው፤ ሜዳና ቀላል፣ ግን አሰልቺ። መፍትሔው ዙሩን በተቃራኒው መንዳት ነው፦ ጠዋት ሜዳውን ቶሎ ጨርሶ ሪቦቪሌ መድረስ፣ ከዚያ ቀሪውን ቀን በመንደሮቹ እያረፉ ወደ ኮልማር መውረድ። በመንደሮቹ መካከል ያሉት ዳገቶች አጫጭር ቢሆኑም ይደጋገማሉ፤ የኤሌክትሪክ ብስክሌት መከራየት የሚያዋጣው እዚህ ነው። በ1944 መጨረሻ በነበረው ጦርነት የወደሙት እንደ ቤንቪር ያሉ መንደሮች አዳዲስ ቤቶች ያሏቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከፖስት ካርዱ አይመሳሰሉም ብለው አይለፏቸው።

ቡርጎኝ፦ ወይኑን ለሚያውቅ

ከቦን ከተማ እስከ ሳንትኔ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የወይን መንገድ ፖማርን፣ ቮልኔን፣ ሜርሶንና ፑሊኚ ሞንራሼን ያቋርጣል። እነዚህ ስሞች ምንም የማይሉት ሰው ለዚህ መንገድ ሲል ሩቅ ባይመጣ ይሻላል። ስሞቹን ለሚያውቅ ግን ሌላ ቦታ የማያገኘው ትምህርት ነው። የእርሻዎቹ ክፍልፋይ በመካከለኛው ዘመን መነኮሳት እጅ የጀመረ ነው፤ በ2015 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከብስክሌቱ ላይ ሆነው ተዳፋቱን ይመልከቱ፦ በጣም ውድ የሆነው ወይን የሚመጣው ከተዳፋቱ ወገብ ነው፤ ከላይ አፈሩ ይሳሳል፣ ከታች ውኃ ይይዛል። ሞንራሼ የሚባለው ዝነኛ እርሻ በሙሉ ስምንት ሄክታር አይሞላም። አንዲት ጠባብ መንገድ ተሻግረው ያለው እርሻ፣ ዝርያው ያው፣ ፀሐዩ ያው ሆኖ፣ ዋጋው የእሱን ሩብ ላያወጣ ይችላል።

ችግሩ ሁለት ነው። ወንዝ የለም፤ ሶን በስተ ምሥራቅ በሜዳው ርቃ ትፈሳለች። ሁለተኛ፣ መንገዱ ዙር አይደለም። በእኔ አስተያየት ምርጡ ዘዴ ከሳንትኔ በቦይ ዳር ወደ ሻኚ መውረድ ነው፤ የውኃ በሮቹና የቆሙት ጀልባዎች የወንዝ ጥማትን በመጠኑ ያስታግሳሉ። ከሻኚ ወደ ቦን በባቡር ጥቂት ደቂቃ ነው። ወይን ለመቅመስ ብዙዎቹ ቤቶች አስቀድሞ ቀጠሮ ይፈልጋሉ፤ እንደ አልዛስ በር አንኳኩቶ መግባት ብዙም አይሠራም። በ1443 ለድሆች የተመሠረተውን የቦን ሆስፒታል ባለ ቀለም ጣሪያ ሳያዩ አይመለሱ።

ሌሎች ሁለት አማራጮች

ፓሪስ ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ሎዋርንም አልዛስንም ይርሳ፤ ወደ ኤፔርኔ ይሂድ። ከፓሪስ ምሥራቅ ባቡር ጣቢያ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። የማርንን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ኩሚዬር፣ ከዚያ ወደ ኦቪሌ ወጥቶ በአይ በኩል መመለስ ይቻላል፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኦቪሌ ዳገት ከባድ ነው፤ ከላይ የሚታየው የወንዙ ሸለቆና የሻምፓኝ እርሻ ግን ድካሙን ይክሳል። ወንዝና ወይን በአንድ ቀን ከተባለ ከሎዋር ቀጥሎ የማስቀምጠው ይህንን ነው።

ዳገትም መኪናም የሚፈራ ሰው ደግሞ ከቦርዶ ወጣ ብሎ የሚጀምረውን፣ በ1937 የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ በሮዤ ላፔቢ ስም የተጠራውን መንገድ ይያዝ። የቀድሞ የባቡር ሐዲድ ስለሆነ አቀበቱ ለስላሳ ነው፤ ዛፍ ስለሚያለብሰውም ጥላ አለው። ነገር ግን ወይኑ ብዙ ጊዜ ከዛፎቹ ጀርባ ይቀራል፣ ወንዙም አይታይም።

ከመነሳትዎ በፊት

ወቅቱን በተመለከተ፣ ለሎዋር ሜይና ጁን፣ ለአልዛስና ለቡርጎኝ ሴፕቴምበር እመርጣለሁ። ሴፕቴምበር የወይን ለቀማ ጊዜ ስለሆነ መንደሮቹ ሥራ በሥራ ናቸው፤ ከየግቢው የወይን ጭማቂ ሽታ ይወጣል። በዚያው ልክ አንዳንድ የእርሻ ውስጥ መንገዶች ለለቀማው ሲባል ይዘጋሉ፣ ትራክተርም ይበዛል፤ ጠባብ መንገድ ላይ ወርደው ቢያሳልፉ ተገቢ ነው።

ፍልሰታን ለሚጾሙ ምግቡን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ጾሙ የሚውለው በፈረንሳይ የዕረፍት ወቅት መካከል፣ በኦገስት ነው። አልዛስ በዚህ ረገድ አስቸጋሪ ናት። ታዋቂ ምግቦቿ ክሬም፣ አይብና የአሳማ ሥጋ ናቸው፤ አሳማ የማይበላ ሰው በሌላውም ወቅት ቢሆን እያንዳንዱን ምግብ ጠይቆ ማዘዝ አለበት። ሎዋር ይሻላል። በሶሚዩር ዙሪያ በዋሻ ውስጥ ባሉ ምግብ ቤቶች ፉዌ የምትባል፣ በእንጨት ምድጃ የምትጋገር ትንሽ ቂጣ አለች፤ ትኩሷን ሰንጥቀው ነጭ ባቄላ ወይም እንጉዳይ ይሞሉባታል። ባቄላው ቅቤ እንዳልገባበት ይጠይቁ። የገጠር ምግብ ቤቶች የምሳ ማእዳቸውን እኩለ ቀን ከፍተው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይዘጋሉ፣ ሰኞ ደግሞ ጨርሶ የማይከፍቱ ብዙ ናቸው፤ ዳቦና ፍራፍሬ ሳይዙ አይውጡ።

ስለ መጠጡ በግልጽ ልናገር። በፈረንሳይ ሕግ በደም ውስጥ የአልኮል ጣሪያው በሊትር 0.5 ግራም ሲሆን ብስክሌተኛንም ይመለከታል። ከሕጉ በላይ ግን ራስዎን ያስቡ፤ በእነዚህ መንደሮች ቁልቁለቱ የሚያልቀው መታጠፊያ ላይ ነው። በቅምሻ ቦታ ወይኑን አፍ ውስጥ አዙሮ መትፋት የተለመደ ነው፣ ማንም አይቀየምም፤ መትፊያው ዕቃም ለዚሁ ተቀምጧል። ጠርሙስ ከገዙ እያንዳንዱ ከአንድ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ወደ ሆቴልዎ ወይም ወደ ቤትዎ እንዲላክ ይጠይቁ።

ማደሪያ ሲፈልጉ ብስክሌተኞችን ለመቀበል የሚሰጠውን የ«አኬይ ቬሎ» ምልክት ይመልከቱ። ምልክቱ ያለባቸው ማደሪያዎች ከብስክሌት መስመሩ ከአምስት ኪሎ ሜትር አይርቁም፣ የሚቆለፍ ማቆሚያና የመጠገኛ ዕቃም አላቸው። በመጨረሻም ባቡሩ፦ የክልል ባቡሮች ብስክሌት ይቀበላሉ፣ በበጋ ግን አንዳንድ መስመሮች ላይ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ግዴታ ነው። ፈጣኑ ቴዤቬ ደግሞ በሁሉም ጉዞዎች ብስክሌት አይጭንም፤ የሚጭነውም ለብስክሌቱ የተለየ ትኬት ይጠይቃል። የራስዎን ብስክሌት ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ሆቴሉን ከመክፈልዎ በፊት የብስክሌቱን ትኬት ይቁረጡ፤ ካላገኙ እዚያው ይከራዩ። ሶሚዩር፣ ኮልማርና ቦን ሦስቱም አከራዮች አሏቸው።